በክንድ የተለካ ጥምጥም

ጨርቅ ስገዛ ጥጉን በምራቄ አረጥባለሁ። ልጆቼ በዚህ ያፍሩብኛል፤ ሻጮችም ይቆጡኛል። በቅርቡ አንዷ ባለሱቅ የያዝኩትን ሻርፕ ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት። በሯ ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ተለጥፏል። ከምን ላይ እንደተቀነሰ ስጠይቃት «ከዋጋው ላይ ነዋ» አለችኝ። ዋጋውን ትናንት ማን ሰቀለው ብዬ ልጨምር ስል ልጄ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ሰው ፊት እንዲህ ማድረግ ደስ እንደማይል አላጣሁትም። ግን አንድ ጊዜ ሳይረጥብ የተገዛ ጨርቅ ቤታችን ገብቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ደረቁን አላምንም።

ያደግኩት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው በኩል፣ ከቄስ ቤት ነው። አባቴ ወጣትነታቸውን ጣራ ገዳም ቆሎ ተማሪ ሆነው አሳልፈው፣ ኋላ ወደ ትውልድ ደብራቸው ተመልሰው የሚቀድሱም የሚያርሱም ሰው ነበሩ። ዝምተኛ ናቸው። አንድ ነገር ከአፋቸው ለማውጣት ደጋግሞ መጠየቅ፣ ከዚያም መታገስ ያስፈልጋል። እናቴ ጥጥ ፈታይ ነበረች። ፈትሏን ለሸማኔ ትሸጣለች፤ የቤቱ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚገዛው በዚያ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት አልፎት ነበር። ሰሜን ነው ከማለት በቀር የት እንዳለ የሚነግረን አልተገኘም። እናቴ እኛ ፊት አላለቀሰችም። ሳቋ ግን ጠፋ። ቀድሞ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ድምጿ ከወንዙ ማዶ ይሰማል እየተባለች የምትታማ ሴት፣ እንዝርቷን እያሾረች ጀንበር ሳታያት ትጠልቅባት ጀመር። እኛም በቤት ውስጥ ቀስ ብለን መናገር ለመድን።

ሩዝም ወደ ሜዳችን የመጣው በእነዚያ ዓመታት ነው። ክረምት ውሃ የሚተኛበትን መሬት የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ዘሩበት፤ ለእኛም ጥቂት ደረሰን። እናቴ መጀመሪያ ስትቀቅለው ነጭና ወፍራም ውሃውን በማማሰያ እያነሳች «ይኸ እህል ነው ሙጫ?» ትል ነበር። ውሃውን ደፍታ፣ ፍሬውን እኛ ስንበላ ከዳር ሆና ታየናለች። እሷ ጤፏን አልከዳችም።

ከእንዝርቷ ሌላ እናቴ የምትታወቅበት አንድ ነገር ነበራት። የሰፈሩ ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ወረታ ሲወርዱ እሷን ሳያስከትሉ አይሄዱም። ጨርቁን መጀመሪያ ወደ ፀሐይ አንስታ ታየዋለች። ከዚያ በሁለት መዳፏ መሃል አሽታ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፍ እንደሆነ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ጥጉን በምላሷ አርጥባ በጣቷ ትለጠጠዋለች። ሙጫ የጠጣ ጨርቅ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ክሩ ሳስቶ እንደ ወንፊት ይታያል። እንዲህ ያለ ሲያጋጥማት አትሳደብም። ጨርቁን አጣጥፋ ትመልስና «ይኸ ለመልበስ ሳይሆን ለማየት ነው» ብላ ትወጣለች። ሴቶቹ ተከትለዋት ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት የሚገዛው ጨርቅ ግን ለራሷ ቤት ነበር። የአባቴ ጥምጥም አልቆለት ነበር። በየጊዜው እያገላበጡ የተቀደደውን ወደ ውስጥ ቢጠመጥሙትም በመጨረሻ ወደ ውስጥ የሚገባው ከውጪው በለጠ። ደብሩ ደግሞ በመጪው ጥምቀት ውሃውን ባርከው ሕዝቡን የሚረጩት እሳቸው እንዲሆኑ ወስኗል። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ነገሩን ሲነግሩን ስለ ክብሩ ምንም አላሉም፤ እጃቸው ግን ሳይታወቃቸው ራሳቸው ላይ ወደተንጠለጠለው የሻሽ ጫፍ ሄደ። እናቴ አየቻቸው።

«እንዲህ ሆነው ሕዝብ ፊት አይቆሙም፣ መምሬ» አለቻቸው።

«እግዜር ራሴን ነው የሚያየው ወይስ ጥምጥሜን?»

«እግዜርማ ያውቅዎታል። ሴቶቹ ናቸው የሚያዩት።»

እናቴ የዓመት ፈትሏን ለሸማኔ አስረከበችና ገንዘቡን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ዋጋው ደህና ነበር፤ ዕቃው ነው የሌለው። ሻሽ ለመግዛት ወረታ መሄድ ግድ ነው። ወረታ ላይ ደግሞ ሻሽ ያላቸው ሁለት ሱቆች ነበሩ። አንዱ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ዘንድ ነው፤ ባለቤቱ በብረት ሜትር እየለካ ሜትሩን አራት ብር ይሸጣል፣ አይከራከርም። ሁለተኛው ገበያው ውስጥ ነው። ነጋዴ ዋጋውን በር ላይ እንዲሰቅል ይታዘዝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ይኸኛው ባለሱቅ በካርቶን ላይ በከሰል «ሻሽ 2 ብር» ብሎ ከሩቅ በሚታይ ፊደል ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ተጎንብሶ ለሚያይ ብቻ በእርሳስ «ክንዱ» የሚል አለ። ሁለቱ ብር ገበያተኛውን ከአራቱ ብር እየነጠቀ ያመጣለታል። እናቴ መሠረተ ትምህርት ተምራ ስለነበር ካርቶኑ ሥር ቆማ ፊደሉን እየቆጠረች እስከ እርሳሱ ድረስ አነበበችው።

«ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ይሞላል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በማን ክንድ?» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። በእኛ አገር በክንድ የሚሸጥ ጨርቅ፣ ገዢው ካለ በገዢው ወገን ክንድ ነው የሚለካው። ባለሱቁ ይኸን ልማድ አይቃወምም፤ ለምን ይቃወማል? ሻሽ የሚገዙት ሴቶች ናቸው፤ የሴት ሁለት ክንድ ደግሞ ሜትር አይሞላም። ገዢዋ ካፈረችም በራሱ ክንድ ይለካላታል፤ የእሱ ክንድ ከሴቶቹም ያንሳል። ርካሽ ገዛሁ ብላ የሄደችው ሁሉ ቤቷ ስትደርስ ከመንታ መንገዱ ሱቅ አስበልጣ ከፍላ ታገኘዋለች። እናቴ ያን ቀን ከጥቅሉ አንዱን አሸች፣ አረጠበች፤ ደህና ሻሽ ነበር። ሳትገዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ ስታስብ ቆይታ «ወንድሜን አስጠራዋለሁ» አለች።

አጎቴ አንበሳሜ በኩል የሚኖር ገበሬ ነው። ቁመቱን ለመግለጽ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የትኛውም ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጎንበስ፣ ቀጥሎ «እንዴት ዋላችሁ» ነው። ክንዱ ደግሞ ከቁመቱም ይብሳል። መልእክቱ ሲደርሰው ዘመድ የታመመ መስሎት ሲገሰግስ መጣ። ለሻሽ መለኪያ እንደተፈለገ ሲሰማ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ከአንበሳሜ እስከዚህ ያስመጣሽኝ ለክንዴ ነው?»

«ለሌላህ ማን ይፈልግሃል» አለችው እናቴ።

በገበያው ቀን ሦስታችን ወረድን። እናቴ ጋቢውን እስከ አገጩ አልብሳው «ክንድህን እኔ ሳልነግርህ እንዳታወጣ» ስትል አስጠነቀቀችው። «ምነው፣ ሽፍታ አስመሰልሽኝ እኮ» እያለ ተከተለን። ሱቁ ደጃፍ ሴቶች ተሰብስበዋል። እናቴን ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት። ባለሱቁ ባለፈው ገበያ አርጥባ ያየችውን ያንኑ ሻሽ ዘረጋላት።

«በክንድ ነው?» አለች፣ የማታውቅ መስላ።

«በክንድ ነው እሜቴ። ተጽፏል።»

«በማን ክንድ?»

«እንደ ልማዱ፣ በእርስዎ።»

«በወገኔ ቢሆንስ?»

«በወገንዎም ይሁን፤ ምን ቸገረኝ።»

እናቴ ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ «ሰምታችኋል» አለች። ከዚያ አጎቴን በዓይኗ ጠቀሰችው። አጎቴ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ያን ክንዱን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አጋደመው። ክርኑ ከወዲህኛው ጠርዝ ሲያርፍ ጣቱ ባለሱቁ ሆድ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሴቶቹ ሳቁ። ባለሱቁ ክንዱን አየ፣ አጎቴን ቀና ብሎ አየ፤ ቃሉን አውጥቷልና የሚመለስበት የለውም። እሱም ሳቀ።

«ለማን ነው የሚገዙት?»

«ለመምሬ ነው። ለጥምጥም።»

«ለቄስ ከሆነማ ቀደም ብለው አይነግሩኝም?» ብሎ የዘረጋውን ጠቀለለና ከባንኮኒው ሥር ሌላ አወጣ። «ይኸኛው ጠንከር ይላል። ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚያው ዋጋ ነው፤ ስለ መምሬ ብዬ ነው።»

አዲሱ ሻሽ በእርግጥም ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ነጭነቱ ዓይን ይይዛል። እናቴ እጇን ሰደደችለት። ያኔ አጎቴ «አንድ!» ብሎ ክንዱን ጣለበት። ሴቶቹ «አንድ!» ብለው ተቀበሉት። «ሁለት!» ሲል ከጎረቤት ሱቅ ሳይቀር ሰው ለማየት መጣ። አንዷ ሴት «ኧረ በሞቴ፣ ይኸን ክንድ አከራዩኝ» አለች። በየክንዱ ሳቅ ነው፣ በየክንዱ የባለሱቁ ፊት ይጠቁራል፣ ወይም ለእኛ እንደዚያ መሰለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከእነሱ ጋር ትቆጥር ነበር። ጨርቁን ማንም ወደ ፀሐይ አላነሳውም። ማንም አላሸውም። ማንም አላረጠበውም።

እስከ ቤት ድረስ አጎቴ እጁን እንደ ቁስለኛ ደግፎ «አደራችሁን፣ ይኸን ክንድ ሞፈር አታስነኩት» እያለ ሄደ። ደጃችን ስንደርስ እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ድምጿ እንደ ድሮው ከፍ ብሎ ወጣ። አባቴ ከውስጥ ወጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። እሷ የአጎቴን ክንድ ይዛ እንዴት ባንኮኒው ላይ እንዳጋደመው፣ ባለሱቁ እንዴት እንደደነገጠ አሳየቻቸው። ሻሹን ተቀብለው ዳሰሱትና «ጠንከር ያለ ነው» አሉ።

ጥምቀት ደረሰ። በከተራው ታቦቱ ወደ ርብ ወርዶ ዳስ ውስጥ አደረ። ጠዋት አባቴ ውሃው ዳር ሲቆሙ አዲሱ ጥምጥም ራሳቸው ላይ ቀጥ ብሎ፣ የጠዋት ፀሐይ እያረፈበት፣ የሌሎቹን ካህናት ሁሉ አስረስቶ ነበር። እናቴ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። አንዷ ጎረቤታችን ጎሸም አድርጋት «አንቺ እኮ ጨርቅ ታውቂያለሽ» ስትላት ሰምቻለሁ። አባቴ ባረኩ። ከዚያ መርጨት ጀመሩ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ ተጋፍቶ ወደ ውሃው ገባ። ጎረምሶቹ በጣሳ እየቀዱ ይራጩ ነበርና እሳቸውም እስከ ራሳቸው ረጠቡ።

መጀመሪያ ጥምጥሙ በአንድ ጎኑ ዘመመ። ከዚያ ከግንባራቸው ላይ ነጭና ወፍራም ነገር ወረደ፤ በቅንድባቸው አልፎ ጺማቸው ውስጥ ገባ። ሙጫው ነበር። ውሃው በነካው ቁጥር ጨርቁ እየሟሸሸ ጆሯቸው ላይ ወደቀ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እናቴን አየኋት፤ ፊቷ ደም አልነበረውም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የደብሩ አለቃ ጠጋ ብለው «ምነው መምሬ፣ ምን ነካዎት?» አሏቸው።

አባቴ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ምንም። እኔም ጥምጥሜም ዘንድሮ አብረን ተጠመቅን» አሉና መርጨታቸውን ቀጠሉ። ጨርቁን ከራሳቸው አላወረዱትም። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ያንኑ የተጨማደደ ጨርቅ እንደጠመጠሙ፣ ጺማቸው ላይ ሙጫው ደርቆ፣ ከፊት ከፊት ሄዱ።

ማታ እናቴ «አዋረድኩዎት፣ መምሬ» አለቻቸው። «ረጠብኩ እንጂ ምን ተዋረድኩ» ብለው ወደ ጸሎታቸው ዞሩ። ጥምጥሙን ስታጥበው የገበቴው ውሃ የሩዝ ቅቅል ውሃ መሰለ። ከውሃው የወጣው ጨርቅ በሌላ በኩል የእጇን ጣቶች ያሳያል።

በቀጣዩ ገበያ ጨርቁን ይዛ ወደ ባለሱቁ ሄደች። እኔ ጠብ ጠብቄ ነበር። ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለትና አየችው። እሱም አልተቆጣም፣ አልካደም።

«እሜቴ፣ ሌላ ጊዜ ክር ይቆጥራሉ፣ ያረጥባሉ። ያን ቀን ግን ክንዱን ብቻ ነበር የሚያዩት» አላት። «እኔም ያን አይቼ ነው ያወጣሁት።»

እናቴ ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ሥር አደረገችና ወጣች። እኔ ለሰውየው መልስ ሳትሰጠው በመውጣቷ እስከ ወንዙ ድረስ አኮረፍኳት። እሷ ግን እስከሚቀጥለው በጋ ፈተለች፣ ሸጠች፤ መንታ መንገዱ ላይ ካለው ሱቅ ደህና ሻሽ በሜትር ገዛች። እዚያው ባለቤቱ ፊት ጥጉን አርጥባ፣ ለጥጣ፣ አሽታ፣ ሰውየው ራሱ እስኪሰለቸው ድረስ አየችው። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ጨርቅ ሳያረጥቡ አይገዙም፤ ባለሱቁም ካርቶኑን ባያወርድም ከባንኮኒው ሥር ያለውን ለእኛ ሰፈር ሰው ማውጣት ተወ።

አባቴ አዲሱን ጥምጥም ለቅዳሴ ጠመጠሙ፣ ለፋሲካም፣ ለልደትም። ጥምቀት ሲደርስ ግን ያን ወንፊት ጨርቅ ከሳጥን አወጡ። እናቴ ዓይኗን ማመን አቃታት። እሳቸው ቀስ ብለው ጠምጥመውት ወጡ። መርጨቱ ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ሆኖ ነበርና በዓመቱም እንደዚያው አደረጉ። በሦስተኛው ዓመት እናቴ ጨርቁን ከጎታው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበረችው። አባቴ ሳጥኑን ፈተሹ፣ አልጋውን ፈተሹ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ጎታው አጠገብ ሄደው ቆሙ። የት እንደምትደብቅ ያውቃሉ፤ ከተጋቡ ጊዜ ጀምሮ የምትደብቀው እዚያ ነው።

ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ። «ምን በደልኩዎት? ደህናው ጥምጥም እያለ በየዓመቱ ይኸን እያደረጉ ለምን ስህተቴን ሕዝብ ፊት ያወጡብኛል? ዋጋው እንኳ የፈትሌን እኩሌታ አያወጣም።»

አባቴ እንደ ልማዳቸው ቆዩ። እናቴ ጠየቀቻቸው፤ እንደገና ጠየቀቻቸው።

«ልጁ ከሄደ ወዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «በዚህ ቤት የሳቅሽው ይኸን ይዘሽ የገባሽ ዕለት ነው። አጥሩ ላይ ተደግፈሽ። ስንት ያወጣል ትይኛለሽ?»

ወንድሜ እስከ ዛሬም አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ ግን ገና ይመጣል እንል ነበር። እናቴ ወደ ጎታው ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ጨርቁን አወጣች፣ የጤፉን ፍሬ አራገፈች፣ አጠበችው። ከዚያ ምድጃ ላይ ሩዝ ጣደች። ስንት ዓመት ስትደፋው የኖረችውን ያን ወፍራም ነጭ ውሃ አጠለለችና ጨርቁን ነክራ አሰጣችው። ጠዋት ሲደርቅ እንደ ተገዛበት ቀን ይንኮሻኮሽ ነበር። ራሷ ጠመጠመችላቸው።

ርብ ዳር ውሃው ሲነካው ሙጫው እንደ መጀመሪያው ዓመት በአባቴ ግንባር ላይ ወረደ። ሕዝቡ ለምዶታል፤ አንዳንዱ ይጠብቀው ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ሴቶቹ ሲያዩ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ጣሳቸውን ሞሉና ቀድመው የረጩት እሷን ነው።